ከታጠፈው ክንፍ ሥር

ዐዎ የጆንያ መርፌ ይዛ ያረጀ የወታደር ብርድ ልብስ ትሰፋ ነበር። የምትሰፋው እንደ ትልቅ ካልሲ ያለ ነገር ነው፤ ትንሽ ልጅ እስከ ደረቱ ይገባበታል። ሁለት ያስፈልጋታል፤ አንዱ ለቀኝ ክንፍ ጫፍ፣ አንዱ ለግራው። የጣቢያችን አውሮፕላን ክንፏን አጥፋ በመኪና የሚጎተት ተሳቢ ውስጥ ስትገባ ጫፎቹ ከብረቱ ጋር እንዳይፋተጉ ነው። አውራ ጣቷ ላይ በጠቀለለችው የቆዳ ቁራጭ መርፌውን ትገፋና እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ሲባጎውን ትስበዋለች። ያ እጅ ሲዘረጋ የሚያልቅ አይመስልም ነበር።

ወሩ ነሐሴ፣ ዓመቱ 1969 ነው። ጦርነቱ ወደ ጅጅጋ እየቀረበ ነበር። ብዙ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ሄዷል፤ የቀረውም ጆሮውን ወደ ምሥራቅ ጥሎ ነው የሚውለው። እኛ የነበርንበት የአንበጣ መከላከያ ጣቢያ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ነው። እኔ ቢሮውን እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። ባሌ ጫኔ የጣቢያው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከቡልጋ ከመጣን ሃያ ዓመት ሊሆነን ነበር። ዐዎ የአገሩ ልጅ ናት፤ ሶማሊ። በቀን ሠራተኛነት ድንኳን ትጠግናለች፣ የመድኃኒት በርሜል የሚሸፈንበትን ሸራ ትሰፋለች።

በከተማው የሚያውቋት ግን በስፌቷ ሳይሆን በክንዷ ነው። ከድንበሩ ከተማ ከቶጎጫሌ የሚመጣውን ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡት ሰዎች በክንድ እየለኩ ነበር የሚሸጡት፤ የሚለካውን ሰው ይዞ መምጣት ደግሞ የገዢው ፈንታ ነው። ልጇን የምትድር ሴት፣ ለበዓል የምትገዛ ሴት፣ ሁሉም መጀመሪያ ዐዎ ቤት ይሄዳል። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ጨርቃቸውን መጠቅለል ይጀምራሉ።

«ይቺን ይዛችሁ ከመጣችሁ አልሸጥም! እጅ አይደለም ይሄ፣ የጉድጓድ ገመድ ነው!»

«ወላሂ አንተ ደግሞ እጅህ አጠረ፤ ጨርቅህን ስትደብቅ ነው ያጠረው» ትለዋለች፤ ቁጭ ብላም መለካት ትጀምራለች።

ነጋዴው እየተሳደበ፣ እኛ እየሳቅን፣ አሥር ክንድ የተባለው ጨርቅ ቤት ሲደርስ አሥራ አንድ ይሆናል። «ባል ፊት ስቆም ቁመቴ አሳፈረኝ፤ ጨርቅ ተራ ነው የጠቀመኝ» ትል ነበር። ባሏ ዋርፋ አጭር ሰው ነበር ይባላል፤ እኔ ዐዎን ያወቅኋት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ከአይሻ ባቡር ጣቢያ ወደ ደምበል ዕቃ ሲያመላልስ ታሞ ሞተ። ኢዲል የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ትቶላት ነበር።

ጣቢያው አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነበረችው። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ አንበጣ የት እንዳረፈ ለማየት ነው የምትበርረው። ጭራዋን መሬት ላይ ጥላ ስለምትቀመጥ የከተማው ሰው ፌንጣ ይላታል። ክንፏ እንጨትና ጨርቅ ነው፤ ጨርቁ ሲቀደድ የሚጠግነው የዐዎ እጅ ነው። የአንበጣው ወራት ሲያልፍ ክንፏ ታጥፎ ሸራ ይለብሳል። ይህን የሚያዘው ሀብተየስ የሚባል ደብረ ዘይት የተማረ ሜካኒክ ነው። እሱ ክንፉን ከገላዋ ጋር የሚያያይዘውን ፒን ከሥሩ ይነቅላል፤ ዐዎ የክንፉን ጫፍ በሁለት እጇ ደግፋ እያዘገመች ወደ ጭራው ትወስደዋለች። ከፍ ካደረገችው ይሰበራል፣ ዝቅ ካደረገችው ከሥሩ ይጣመማል። ከሷ ሌላ ጫፉን ይዞ ሳያወዛውዝ የሚሄድ ሰው አልተገኘም። ኢዲል በርሜል ላይ ቁጭ ብላ፣ «ሆዮ፣ ሕፃን የያዝሽ ነው የምትመስይው» ትላታለች። ሆዮ በነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው።

ኢዲል አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በሰኔ የውኃ በርሜል ከአህያ ጋሪ ላይ ተንከባሎ ግራ እግሯን ሰበረው። ከተማው ውስጥ እስከ ጭኗ ጀሶ አደረጉላት። በነሐሴ ግን ከጀሶው ሥር መሽተት ጀመረ። ያያት ሐኪም፣ «ሐረር ካልደረሰች እግሩ ይቆረጣል፤ ምናልባትም እግሩ ብቻ አይሆንም» አለ። መቀመጥ አትችልም፤ ጀሶው አይታጠፍም። ተኝታ ነው መሄድ ያለባት። ከከተማው የሚወጣው መኪና ሁሉ ደግሞ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ነበር የሚሄደው።

በዚያው ሰሞን ጣቢያው አውሮፕላኗን ወደ ድሬዳዋ እንዲያሸሽ ትእዛዝ መጣ። ሞተሯ ግን ተበላሽቷል። ሀብተየስ ዐዎን ጠራት። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር።

«ፌንጣ በአየር አትሄድም። በመሬት ነው የምትሄደው» አላት።

«በግመል?»

«በተሳቢ። ዐብዲወሃብ በያጁ አሮጌ የወታደር ተሳቢ አለው፤ ከላዩ በቧንቧና በቆርቆሮ ቤት ይሠራለታል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመኪናው ጭነት ቦታ ለቁስለኞች ተይዟል። አንቺ ደግሞ ቋሚ ስላልሆንሽ የይለፍ ወረቀት የለሽም፤ ኬላ ላይ ሶማሊኛ የሚናገር ሰው ሲያዩ የሚጠይቁትን ታውቂያለሽ። ስለዚህ ተሳቢው ከአውሮፕላኗ በላይ ሁለት ክንድ ይርዘም። ከጭራዋ በኋላ ልጅሽ በወርዱ ትተኛለች፣ አንቺም አጠገቧ ትቀመጫለሽ። በሩ ከተዘጋ ማንም አያይም።»

ዐዎ እጁን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታሾፍበት ነበር።

«ርዝመቱን ሄደሽ ለዐብዲወሃብ ንገሪው። ሜትሩ ከዕቃ ጋር ድሬዳዋ ሄዷል። ሸራዋን የሰፋሽላት አንቺ ነሽ፤ ካንቺ በላይ ማን ያውቃታል?»

ዐዎ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ጎንበስ ብላ ለካች። አሥራ ሦስት ክንድ። ሁለት ጨመረችበት። አብረን ወደ ዐብዲወሃብ ሄድን። የግቢው በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል፤ ሁሉም መኪናው እንዲበየድለት ይጮኻል።

«አሥራ አምስት ክንድ» አለችው ከሰዎቹ ትከሻ በላይ።

«አሥራ አምስት ክንድ፣ ሰምቻለሁ! ሂጂ!» አለ የብየዳ መነጽሩን ሳያነሣ።

ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልተጨመረም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ክንዷ ከሰው ክንድ እንደሚበልጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለልጄ ሰርግ የገዛሁትን ጨርቅ የለካችልኝ እሷ ናት። ዐብዲወሃብ አጭርና ድንቡሽ ያለ ሰው መሆኑንም አያለሁ። ሁለታችንንም ግን ትዝ አላለንም። ስለ ልጅቷ እያወራን ወደ ቤት ተመለስን።

ተሳቢው ጳጉሜ ሦስት ቀን ጠዋት እየተጎተተ መጣ። የከተማው መብራት ከዋዜማው ጀምሮ ጠፍቷል። ቁስለኞቹ መኪናው ላይ ተጭነዋል፤ የሚያቃስቱ አሉ፣ ውኃ የሚለምኑ አሉ። ጫኔ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። የጣቢያው ኃላፊ ሰዓቱን እያየ፣ «ኬላው የሚዘጋው አምስት ሰዓት ነው፤ ፍጠኑ!» ይላል።

ሀብተየስ ፒኑን ነቀለ። ዐዎ የቀኙን ጫፍ ይዛ አዘገመች፤ ከዚያ የግራውን። ካልሲዎቹን አጠለቀችላቸው። ሁላችንም ከኋላ ሆነን ገፋን። አፍንጫዋ ገባ፣ ጎማዎቿ ሳንቃው ላይ ወጡ፣ የታጠፉት ክንፎች ሁለቱን ግድግዳ ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው ተንሸራተው ገቡ። ከዚያ ፊት ለፊት አንድ ነገር ጓ አለ። አፍንጫዋ ከተሳቢው ፊተኛ ግድግዳ ጋር ተነካክቷል። ጭራዋ ያለው በሩ ላይ ነው። ከጭራዋ እስከ በሩ የቀረው ቦታ ከስንዝር ያንሳል።

ዐዎ መጀመሪያ ያልገፋን መስሏት እንደገና ገፋች። ከዚያ ቆመች።

«ዐብዲወሃብ፣ ስንት ነበር ያልኩህ?»

«አሥራ አምስት።»

«ይሄስ?»

«አሥራ አምስት ነው! ቁጠሪ!» ከውጭ በኩል ክንዱን በቆርቆሮው ላይ እያጋደመ ጮክ ብሎ ቆጠረ። አሥራ አምስት ሲል በሩ ጋ ደረሰ።

ዐዎም ከበሩ ጀምራ በራሷ ክንድ ለካች፤ ድምፅ ሳታሰማ። አሥራ ሦስት ላይ አለቀባት፤ የተረፈው ጣት የማይሞላ ነው።

«በማን ክንድ ነው የቆረጥከው?» አለችው።

«በራሴ ነዋ! አንቺ ክንድሽን እኔ ቤት ጥለሽልኝ ሄድሽ እንዴ?»

ይህን ብሎ እጇን አየ። የተዘረጋውን እጇን፣ ከጨርቅ ተራ ጀምሮ የሚያውቀውን እጅ። አፉን ያዘና መሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ነገር ጅጅጋን ሙሉ ያስቅ ነበር።

«ጨምርበት። ሁለት ክንድ ብቻ» አለችው።

«ብረቱ አለኝ፣ ዐዎ። መብራት የለም። ያለ መብራት በምን ልበይደው?»

«ጭራውን ብንፈታውስ?» አለች ወደ ሀብተየስ ዞራ።

«ግማሽ ቀን ይፈጃል» አለ። ኃላፊው ደግሞ፣ «በሩ ክፍት ሆኖ አይሄድም፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልሰጥም፤ ሰዎቹ እየሞቱ ነው» አለ። እውነቱን ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

ኢዲል አውሮፕላኗ ውስጥ እንዳትተኛ፣ የታጠፈው ክንፍ በሯን ይሸፍነዋል፤ አይከፈትም። በግራ በኩል ፕሮፔለሩና የዕቃ ሣጥኖች ታስረዋል። በቀኝ በኩል ግን ከታጠፈው ክንፍ ሥር፣ በአውሮፕላኗ ገላና በቆርቆሮው መካከል ጠባብ መተላለፊያ ነበረች። ዐዎ እዚያ ተንበርክካ አየች። ከዚያ የተረፈውን ሸራ አምጥታ፣ ዳርና ዳሩን በሲባጎ ደርባ ሰፍታ፣ ከቧንቧ ወደ ቧንቧ አሰረችው፤ እንደ ሕፃን ማዘያ የተንጠለጠለ መኝታ ሆነ። ሰዎቹ ዕቃ አስረው እስኪጨርሱ እሷም ጨረሰች። እንዲያ ፈጥና ስትሰፋ አይቻት አላውቅም።

አጠገቡ ለመቀመጥ ሞከረች። ጎንበስ ብላ ስትገባ ትከሻዋ ክንፉን ከሥር አነሣው፤ እንጨቱ ሲጥጥ አለ። ሀብተየስ አንድ እርምጃ ወደፊት አለና ፊቱን አዞረ። ዐዎ ወጣች።

«ለሷ ይበቃል» አለች።

ስለ ወንበሩ መናገር አለብኝ። ከፊት ሦስት ሰው ነው የሚቀመጠው። ጫኔ፣ ኃላፊው፣ እና እኔ። ጭኔ ላይ የሁለት ዓመቱ የልጅ ልጄ ደረጄ ነበር፤ እናቱ ድሬዳዋ ናት፤ ላደርስላት ነው። የሹፌሩ ሚስት ስለሆንኩ ወረቀት ነበረኝ። ዐዎ ወንበሬን አልጠየቀችኝም። እኔም አላነሣሁትም።

ኢዲልን ተሸክመው አመጧት፤ እግሯን ቀጥ አድርገው በሸራው አስተኟት። ክንፉ ከፊቷ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ነበር።

«ሆዮ፣ አንቺስ?» አለች። በሶማሊኛ ነው የተነጋገሩት፤ ያን ጊዜ ቋንቋውን እሰማ ነበር።

«ፊት ነኝ። ከጫኔ ጋር።»

«እዚህ ነው ያልሽኝ።»

«እዚህ ጠበበ። ፊት ሆኜ እጠብቅሻለሁ።»

ልጅቷ አንገቷን ከሸራው ቀና አደረገች። ከዚያ በአማርኛ ጮክ ብላ፣ «እማማ ብርቄ! እውነቷን ነው?» አለች።

ዐዎ አየችኝ። ያንን አስተያየት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም፤ አልለመነችኝም፣ አላዘዘችኝም፤ የምለውን ጠበቀች።

«እውነቷን ነው፣ ልጄ። አጠገቤ ናት» አልኩ።

በሩ ተዘጋ። ዐዎ፣ «ነገ በእግሬም ቢሆን እደርሳለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ መዳፏን ቆርቆሮው ላይ አሳርፋ መኪናው እስኪፈጥን ድረስ አብራ ተራመደች። ጫኔ በመስታወቱ ሲያያት እንደነበር የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ካራማራን ስንወጣ መኪናው አቃሰተ፤ ቆምን። ኢዲል ቆርቆሮውን ደበደበች፤ «ሆዮ!» አለች። ወርጄ፣ «ተኝታለች፣ ሌሊቱን አልተኛችም» አልኳት። ባቢሌ ላይ ውኃ ወሰድኩላት። «እሷ ታምጣልኝ» አለች። «ደረጄን ታቅፋልኛለች፤ ካለሷ አልተኛ አለ» አልኳት። ጠጣች። «እሱ እሷን ይወዳታል» አለች፤ ፈገግም አለች። ለእያንዳንዱ ማቆሚያ አንድ ውሸት አዘጋጅ ነበር፤ እስከሚቀጥለው ማቆሚያ ድረስ የማስበው እሱን ብቻ ነው።

ሐረር አንዱ ሆስፒታል በር ላይ ተሳቢው ተከፈተ። ኢዲልን ሲያወጧት አንገቷን ወደ መኪናው ፊት አዞረች። ኃላፊው ወረደ። ጫኔ ወረደ። እኔ ልጁን ይዤ ቆሜያለሁ። ክፍቱን በር ትንሽ አየችው።

«የት ነው የወረደችው?» አለችኝ።

«አልወጣችም፣ ልጄ። ቦታ አልነበረም።»

አላለቀሰችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አላናገረችኝም።

ያደረግሁት ሌላው ነገር ይህ ነው። መዝጋቢው ስም ጠየቀኝ። ግቢው በቁስለኛ ወታደር የተሞላ ነው፤ ሰው በሐዘንና በንዴት ላይ ነው። የሶማሊ ስም ከሰሙ ችላ ይሏታል ብዬ ፈራሁ። ማንም ያለኝ የለም፤ የራሴ ፍርሃት ነው። «ፀዳለ ጫኔ ትባላለች፤ ልጄ ናት» አልኩ። ጻፈ። ኢዲል ሰምታለች።

በሦስት ቀን እመለሳለሁ ብያት አውሮፕላኗን ይዘን ድሬዳዋ ወረድን። መመለስ የቻልኩት በስምንተኛው ቀን ነው። አልጋዋ ላይ አንድ እግሩ የተቆረጠ ወታደር ተኝቷል። ነርሷ፣ «ለቁስለኛ ቦታ ሲጠፋ ልጆቹን በሁለት መኪና ወደ አዋሽና ወደ ናዝሬት ወሰዷቸው፤ ማን በየትኛው እንደሄደ አላውቅም» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር ተይዛለች፤ መንገዱ ተዘግቷል። ዐዎ እኛ በሄድን ማግሥት በእግሯ ተነሥታ ካራማራ ሥር ተኩስ መልሷታል፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጅጅጋ በየካቲት ተመለሰች። እኛ በግንቦት ገባን። የጣቢያው ቤቶች ጣራ የላቸውም። ዐዎ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ መኪናውን በድምፁ አውቃው መጥታ ነው። ሰላምታ አልሰጠችኝም።

«የት አስቀመጥሻት?»

ነገርኳት። ሁሉንም፤ አልጋውን፣ ነርሷን፣ ሁለቱን መኪኖች።

«መንገድ ላይ ስለ እኔ ጠየቀች?»

«ጠየቀች።»

«ምን አልሻት?»

«ተኝታለች አልኳት። ልጁን ታቅፋለች አልኳት።»

ራሷን ነቀነቀች። «ደግ አልሽ» አለች። ቀጥላ፣ «በምን ስም ነው የጻፏት?» አለች። ስነግራት አፈጠጠችብኝ።

«ስሟ ምን ጎደለው?»

ይህን ብላ ተነሥታ ሄደች።

ከዓመት በላይ አላናገረችኝም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ግን ራሷ ቤቴ መጣች። «አባዮ ብርቄ፣» አለችኝ፤ እህቴ ማለት ነው፤ «ስሟን የለወጥሽው አንቺ ነሽ። የምትፈልጊያትም አንቺ ነሽ። ፊደል ተማሪ።» ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ከትንንሽ ልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተማርኩ። መጀመሪያ አጣርቼ የጻፍኩት ስም የራሴ አይደለም፤ ፀዳለ ጫኔ የሚለው ነው። ከአጠገቡ ኢዲል ዋርፋ ብዬ ጻፍኩ።

ለናዝሬት ጻፍኩ፣ ለአዋሽ ጻፍኩ፣ ለየቀበሌው ጻፍኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት መልስ መጣ። አንዱ አናውቃትም ይላል። ሁለተኛው ከአንድ ክሊኒክ ነው፤ ፀዳለ ጫኔ የምትባል ልጅ ግራ እግሯ ድኖ፣ ትንሽ አጥሮ፣ በምርኩዝ እየሄደች በጥር 1970 ወጥታለች፤ የወሰደቻት አንዲት ሴት ናት ይላል። የሴትዮዋ ስም የለም። ያንን ወረቀት ለዐዎ ያነበብኩላት ቀን ደግሜ እንዳነብ ሰባት ጊዜ ጠየቀችኝ። «ድኖ» የሚለው ጋ ስደርስ እጇን ታነሣለች፤ እዚያ እቆማለሁ።

ከዚያ ወዲያ ፍለጋው የሷ ሆነ። ባቡሩ ሲከፈት አይሻ ድረስ ሄደች፤ አንዲት አንካሳ ልጅ ወደ ጅቡቲ አለፈች ብለዋት። አባቷ ይመላለስበት ወደነበረው ደምበልም ሄደች። በ1980 ከሐርጌሳ የሸሸው ሰው በቶጎጫሌ ሲጎርፍ፣ ልጄ ከነሱ ጋር ትኖር ይሆናል ብላ በሚኒባስ እየሄደች መንገድ ዳር ትቆማለች። አብሬያት ሄጄ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ የሰውን ፊት ያያል፤ እሷ የምታየው እግር ነው። ወጣት ሴት በመጣች ቁጥር ዓይኗ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሁለቱም እግር እኩል ሲረግጥ፣ ቀና ሳትል ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

ጨርቅ መለካትን ተወች። ሴቶች ሲመጡባት «ሜትር አለላችሁ» ብላ በሯን ትመልሳለች። ዐብዲወሃብ ቤቷ መጥቶ ይቅር በይኝ ብሏታል። «አንተ አሥራ አምስት አልክ፣ እኔም አሥራ አምስት አልኩ፤ ማን ዋሸ?» አለችውና ሻይ ሰጠችው። ከሱ ጋር አልተጣላችም። ስለ አውሮፕላኗ አንድ ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ድሬዳዋ መጋዘን ውስጥ ከነተሳቢው ቆማ እንጨቷን ምስጥ በልቶታል፣ ዳግም አልበረረችም አልኳት። «ታዲያ ለምን ቦታ ያዘች?» አለች።

በታኅሣሥ 1982 ደረቷ ታመመ። አሥራ አንድ ቀን ተኛች። እኔ ከራስጌዋ ነበርኩ። በመጨረሻው ጠዋት አእምሮዋ ደህና ነበር።

«ፊት ነኝ ያልኳት እንድትሄድ ነው፣ አባዮ» አለችኝ። «ካላልኳት አትሄድም ነበር። እግሯን ተሸክማ ወርዳ ከእኔ ጋር ትቀር ነበር። አውቃታለሁ። ይህን ለማን ልንገር?»

«ለእኔ ነግረሽኛል» አልኳት።

«አንቺማ እዚያው ነበርሽ» አለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈች። ከሜዳው ዳር፣ ወደ ካራማራ በሚያሳየው በኩል ቀበሯት።

ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው። እናንተ የምታነቡ፣ አሁን ሃያ ስድስት ዓመት የሚሆናት፣ ግራ እግሯን ትንሽ የምታነክስ፣ አማርኛና ሶማሊኛ የምትችል ሴት በናዝሬት ብትሆን፣ በጅቡቲም ብትሆን፣ ኢዲልም ብትባል፣ ፀዳለም ብትባል፣ ካወቃችኋት አንድ ነገር አድርጉልኝ። እናትሽ ሞታለች ብላችሁ አትጀምሩ። በመጀመሪያ፣ ያን ቀን ከፊት ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ብርቄ ናት በሏት። እናትሽ ወንበሩን ያላገኘችው ብርቄ ስላልተነሣችላት ነው በሏት። ቂም ካላት እኔን ትያዝ፤ እናቷን ትተው።